ለእንግዳ ምክር

ጥቅምት 8 ቀን 2016
ሸማ ተራ፣ መርካቶ

ለጋሼ ኃይለመለኮት፣

ጋሼ መጀመሪያ ይቅርታ። ከመስቀል ወዲህ ስላልጻፍኩልዎት ይቅርታ፣ የወረቀቱ ጥግ ዘይት ስለነካው ይቅርታ፣ ጽሕፈቴም ያው እንደሚያውቁት ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ጽሕፈት ነው፣ እሱንም ይቅር ይበሉኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የአሰላ ብርድ አልከፋም? ልጅዎ ሜሪ ደህና ናት? እኛ ደህና ነን። እትዬ ሰዓደት ሰላም ብለዎታል። ሱቃችን በር ላይ የእርስዎ የስፌት መኪና የነበረችበት ቦታ አሁን አንድ ሰውዬ ካልሲ ይሸጥበታል፣ እኔ ግን እስካሁን ስወጣ ስገባ መኪናዋን እንዳልመታት ብዬ ዞር እላለሁ፣ ልማድ ነው፣ እናቴ ከሞተች በኋላ እዚያች መኪና ሥር ክር እየለቀምኩ አይደል ያደግኩት፣ እርስዎ አይደሉ ያሳደጉኝ።

ይሄን ኢስሀቅ ሹፌሩ ነው የሚያደርስልዎት። ስልክማ ጆሮዎ ከደከመ ወዲህ ብጮህም አይሰሙኝም፣ ቴክስቱም ያ ባለቁልፍ ስልክዎ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚገባው ብለውኛል።

አሁን ወደጠየቁኝ ነገር ልምጣ። አንብቤው ፊቴ ነደደ። እውነትዎን ነው፣ በየደብዳቤው ስለ ከሰል ምድጃ ያስወራኝ ነገር አለ። ልደብቅዎት ብዬ አይደለም፣ ፈርቼ ነው።

የሱቃችን ምድጃ እግሩ ወለቀና እትዬ ሰዓደት ምን አለሽ ተራ ወስደሽ አሠሪው አሉኝ። እዚያ ቢኒ የሚባል ልጅ አለ፣ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ይሠራል። እግሩን በየደልኝና ከተወዛወዘ መልሰሽ አምጪው አለኝ። አልተወዛወዘም። ግን መልሼ ወሰድኩት። ከዛ የጎረቤት ምድጃ ወሰድኩ። ከዛ ምድጃ ሳልይዝ ሄድኩ።

ጨዋ ልጅ ነው ጋሼ፣ እሱን አይስጉ። እኔን የሚያስፈራኝ እናቱ ናቸው። እትዬ ሙሉዬ ይባላሉ፣ እዚያው ምን አለሽ ተራ ጣሳና ጀሪካን ይሸጣሉ፣ ሠፈሩ ሁሉ ይፈራቸዋል። ተሸካሚዎቹ ፍሪጅ አዝለው እንኳን ዞር በሉ አይሏቸውም፣ ራሳቸው ዞረው ነው የሚያልፉት። አንድ ቀን ለማያውቁት ደንበኛ ጣሳ እየሸጡ ለስለስ ብለው ሲያወሩት ሰምቼ ኧረ ምናቸው ያስፈራል አልኩ፣ ወዲያው ዞረው ቢኒን በሸሚዙ ቁልፍ ምክንያት ሲወርዱበት እኔ የራሴን ቁልፍ ጨበጥኩ።

ቢኒ ቤት መጥተሽ እናቴን ተዋወቂ ይለኛል። እሳቸው ካልፈቀዱ እሱ እናቱን ዘሎ አያገባም፣ እኔም አልፈልግም። ከወደዱኝ ደግሞ ሽማግሌ የሚላከው ወደ እርስዎ ነው፣ ሌላ ማን አለኝ። ካልወደዱኝ ግን በቃ ነው። ልሂድ ወይ? ምን ልበል? ባይወዱኝስ? ይቅርታ፣ ጥያቄ አበዛሁ።

እስከዳር


ጥቅምት 16 ቀን 2016
አሰላ

ለእስከዳር፣

ይቅርታዎችሽ ደርሰውኛል፤ ካሁኑ የተረፈኝን ለሚቀጥለው ደብዳቤ አስቀምጬልሻለሁ፣ አዲስ አትላኪ።

ጉልበቴ ይሻላል። ጆሮዬ እንዳለ ነው። ሜሪ ልጆቿን ስትቆጣ ስለማልሰማ ከቤቱ ሁሉ ዕድለኛው አንተ ነህ ይሉኛል።

ሂጂ። ባይወዱኝስ ብለሽ እኔን ጠየቅሽኝ፣ እኔ አሰላ ቁጭ ብዬ በምን አውቃለሁ? ስትመለሺ የተባልሽውን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፊልኝ። የተሰማሽን አይደለም፣ የተባልሽውን። አንቺ የሚሰማሽ ሁልጊዜ ፍርሃት ነው፣ እሱን ሳትጽፊም አውቀዋለሁ። ተረከዝሽን ፈግፍጊ። ስትጽፊ ደግሞ ነጥብ የሚባል ነገር አለ፣ ሰው እንዲተነፍስ ነው የተሠራው።

ኃይለመለኮት


ኅዳር 3 ቀን 2016
ሸማ ተራ

ጋሼ ደስታዬን እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት፣ ሄድኩ እኮ፣ ሄጄ መጣሁ፣ ወደዱኝ። ለዘገየሁት ይቅርታ፣ እሱን ካስቀመጡት ላይ ይውሰዱልኝ።

የተባልሽውን ጻፊ ስላሉኝ አንድም አልተውኩም። ቤታቸው ከመሳለሚያ ወረድ ብሎ ነው። ሶፋው ላይ አስቀመጡኝ፣ ቢኒና እህቱ ሶሊ በርጩማ ላይ ነው የተቀመጡት፣ ለእኔ አፉ ወርቃማ ቀለም ባለው ብርጭቆ ሚሪንዳ ቀዱልኝ። ስቀበል ምንጣፉ ላይ ደፋሁት። አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን ምንም አይደል ልጄ፣ ምንጣፍ ነው አሉ። ነጠላዬንም አዙሬ ነበር የለበስኩት፣ ጥለቱ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ኋላ ታክሲ ውስጥ ነው ያየሁት፣ እሳቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አይተውኛል፣ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ከዛ መከሩኝ። ቃል በቃል ይኸውልዎት፤ «ልጄ፣ በዚህ ዓለም ትልቁ ነገር ትዕግስት ነው። ከሰው ጋር ተፋቅሮ መኖር ነው። ጤና ካለ ሁሉም ይደረስበታል።» እንዴት ደስ የሚል ምክር ነው። እኔ እንደውም ላለቅስ ነበር።

አንድ የሚያስቅ ነገር ደግሞ አለ። ሶሊ የስልክ ቀፎ ሱቅ ነው የምትሠራው፣ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ትማራለች፣ እና መምህሩ ሁለት ቃል ሰጥቷቸዋል፣ አንዱ አድቫይስ ነው አንዱ አድሞኒሽ ነው። ልዩነታቸውን ከኑሯችሁ በምሳሌ አምጡ ብሏቸዋል። ስልኳ ላይ ስትፈልገው አንዱን መምከር ይለዋል፣ ሌላውንም መምከር ይለዋል፣ ሁለተኛው ላይ መገሠጽ የሚል ጨመር አድርጎበታል። እናቷን ጠየቀች። እትዬ ሙሉዬ ሶሊን፣ አንቺ መጀመሪያ የጠዋት ሰሃንሽን እጠቢ፣ ፈረንጅ ቃል ቢተርፈው ሰሃን አያጥብልሽም አሏት። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው ፈገግ ብለው፣ ተጫወች ልጄ አሉኝ። አዩልኝ ጋሼ፣ የራሳቸውን ልጅ እንደዛ፣ እኔን እንደዚህ።

ስወጣ ብርቱካን በፌስታል ሰጡኝ። እስከ በር ሸኙኝና እግርሽ ይባረክ አሉኝ። ቢኒ ብቻ ነው ፊቱን ያጠቆረው። ብርቱካኑን ሲያይ እንደውም ባሰበት። ምን ሆንክ ብለው ምንም አለኝ። ብርቱካን አይወድ ይሆናል።

እስከዳር


ኅዳር 11 ቀን 2016
አሰላ

ለእስከዳር፣

ብርቱካኑን ብይ፣ እንዳይበሰብስ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ ነጠላው ምንም አላሉሽም? ስለ ምንጣፉስ? ጨርሶ? የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ምናልባት የዘለልሽው ቁጣ ካለ ብዬ። የለም።

እንግዲህ። የማስበውን አልጽፍልሽም፣ ብሳሳት በከንቱ አስጨንቅሻለሁ። ቢኒን ለምን ጠቆርክ ብለሽ አትነዝንዢው። ይልቅ ወይዘሮዋ አንቺ በምትሠሪበት ቦታ ይዩሽ። ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ አይታወቅም። ለገና ጋቢ መፈለጋቸው አይቀርም፣ በሶሊ በኩል ላኪባቸውና እናንተ ሱቅ ይምጡ። ፌስታል ተሸክመሽ ከሰው ቤት በወጣሽ ቁጥር አትፈንጥዢ።

ኃይለመለኮት


ታኅሣሥ 13 ቀን 2016
ሸማ ተራ

ጋሼ ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ እንደነገሩኝ አደረግኩና ሁሉም ነገር ተበላሸ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው፣ ይሄን የምጽፍልዎት ዓይኔ አብጦ ነው።

እትዬ ሙሉዬ መጡ። ገበያው ሲደራ ነው የመጡት፣ የገና ገበያ እንዴት እንደሆነ ያውቁታል፣ ሰው በሰው ላይ ነው። እኔ አላየኋቸውም፣ ከኋላ ቆመዋል። አንዲት ደንበኛ ነጠላ ይዛ ጥለቱን ለማየት ስትጎትት ጫፉ ምስማር ያዘውና ተቀደደ። ራሷ ናት የቀደደችው፣ ዓይኔ እያየ። ከዛ ቀዳዳ ልትሸጭልኝ ነው ወይ ብላ ጮኸችብኝ፣ ሰው ሁሉ ዞረ። እኔም ይቅርታ እህቴ፣ ይቅርታ፣ ሳላየው ነው አልኩ። ደጋግሜ አልኩ። ሴትዮዋ እየተሳደበች ወጣች።

ቀና ስል እትዬ ሙሉዬ ናቸው።

«አንቺ ነሽ የቀደድሽው?» አሉኝ።

አይደለሁም አልኩ።

«ታዲያ ይቅርታው የምንድን ነው?»

እንዳትጣላኝ ብዬ ነው አልኩ።

«ላላጠፉት ይቅርታ ማለት ውሸት ነው» አሉ፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «ውሸታም ነሽ፣ ያውም በራስሽ ላይ። ነገ ልጄ ቤት ብርጭቆ ሲሰበር ሳትሰብሪው እኔ ነኝ ትያለሽ፣ እሱ ጅል ነው ያምንሻል፣ ከዛ ወዲያ በዚያ ቤት እውነቱን ማን ያውቀዋል?»

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። እሳቸው ገና መጀመራቸው ነው። ያን ቀን ነጠላሽን ገልብጠሽ ለብሰሽ ቤቴ መጣሽ አሉ፣ ሸማ ተራ ተቀምጠሽ። ምንጣፌ ላይ የደፋሽው ሚሪንዳ እስካሁን ጉንዳን ይጠራል አሉ። ጋቢ ስታጥፊ ጠርዙ አይገጥምም፣ ስትሄጂ ትሮጫለሽ፣ ስታወሪ መሬት ታያለሽ፣ የምትበይው የወፍ ነው፣ ክንድሽ የክብሪት እንጨት ነው አሉ። እትዬ ሰዓደት እንኳን አላስጣሉኝም ጋሼ፣ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ቆሙ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ለእኔ አዝነው እያለቀሱ መሰለኝ። እትዬ ሙሉዬ መጨረሻ ላይ ጋቢውንም አልማሩትም፣ ይሄ ጋቢ ነው ወይስ የዱቄት ከረጢት ነው እያሉ አገላብጠው አገላብጠው ሲያንቋሽሹት ቆዩና ይዘውት ሄዱ።

ማታውን ቢኒ መጣ። ሰምቷል። ያዝንልኛል ስል ይስቃል። ግድግዳ ተደግፎ ይስቃል። ሰደበችሽ? ስለ ክንድሽም? ስለ ጉንዳኑም? ይላል፣ ደግሞ ይስቃል። አልገባሽም እኮ ይለኛል፣ ለማስረዳት አፉን ሲከፍት ሳቁ ይቀድመዋል። እኔ ሰው ፊት ተዋርጄ እሱ እንደሎተሪ የደረሰው ሰው ሲሆን ጨርሶ ተናደድኩ። ሁለተኛ እንዳትመጣ አልኩት። ሲደውል ስልኩን አላነሳም። ሶሊም ትደውላለች፣ አላነሳም።

ስለዚህ ከገና በኋላ እሳቸውም ሱቁም ይቅሩብኝ፣ ወደ እርስዎ ልምጣ። ሜሪ ቤት አንድ ጥግ ይፈልጉልኝ። ልብስ አጥባለሁ፣ ልጆቿን እይዛለሁ። ይቅርታ፣ ሸክም ልሆንብዎት ነው።

እስከዳር


ታኅሣሥ 17 ቀን 2016
አሰላ

ለእስከዳር፣

ጥግ የለም። ያለውን ጥግ እኔ ይዤዋለሁ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ስቄያለሁ። ሜሪ ምን ሆንክ ብላ ከጓዳ መጣች፣ ሰጠኋት፣ አንብባ እሷም ሳቀች። ተናደጂ፣ ግን እስከ ነገ ብቻ። ቢኒ ማስረዳት ያልቻለውን እኔም አላስረዳሽም፣ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ዓይንሽ እያየው የኖርሽው ነገር ነው።

ይሄን አድርጊ። ነገ ሱቅ ቁሚ። መጥተው እጃቸውን ነጠላ ላይ የሚያሳርፉትን ተመልከቺ። ሲያምር የምትለዋን ተመልከቺ፣ ጠማማ ነው የምትለዋንም ተመልከቺ። ከሁለቱ የትኛዋ ዕቃ ይዛ እንደወጣች ጻፊልኝ። ሌላ ምንም እንዳትጽፊ።

የልጁን ስልክ አንሺ።

ኃይለመለኮት


ታኅሣሥ 25 ቀን 2016
ሸማ ተራ

ጋሼ፣ የምታጣጥለዋ ናት።

ሌላ እንዳትጽፊ ብለውኛል ግን አልችልም፣ ልቤ ሊወጣ ነው። እንዳሉኝ ቆምኩ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ከልጇ ጋር መጣች፣ ውይ ሲያምር፣ ጥለቱን እዪው፣ እጃችሁ ይባረክ፣ ዞር ዞር ብለን እንመጣለን አለች። ሄደች። የት ትመጣለች። ቀጥሎ አንዲት እናት መጡ፣ ገና ነጠላውን ሳይዙት ፊታቸውን አኮሳተሩ። ይሄ ነጠላ ነው ወንፊት አሉ። ጥለቱ ሰክሯል፣ ጫፉ የድመት ጢም ነው፣ ድሮ ሸማኔ ነበር አሁንማ አለቀ አሉ። በጣታቸው ይዳብሱታል፣ ወደ ብርሃን ያወጡታል፣ ይሰድቡታል። እትዬ ሰዓደት ግን ሴትዮዋ ገና ስድቡን ሳይጨርሱ ፌስታሉን ከፍተው ይዘው ይጠብቋቸው ነበር። ሴትዮዋ ይዘውት ሄዱ።

እንዴት አወቁ እትዬ አልኳቸው፣ የማውቀውን ነገር።

«የማይገዛ ሰው ምን አስጨነቀው?» አሉኝ። «አሞግሶ ይሄዳል። የሚያጣጥለው እቤቱ ሊያስገባው ነው፣ አብሮት ሊከርም ነው።» ከዛ በሻርፓቸው አፋቸውን ሸፈኑ፣ ትከሻቸው እንደዚያን ቀን ተንቀጠቀጠ፣ ለካ ሳቅ ነው።

የጋቢው ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። ይሄንንማ እኔም አውቀው ነበር እኮ ጋሼ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሸጥ፣ የሚያሞግስ መጣ ስል ልቤን አላሟሙቅም፣ የሚነቅፍ መጣ ስል ፌስታል አዘጋጃለሁ። እኔ ራሴ ነጠላ መሆኔን ነው ያላወቅኩት።

የሶሊን ስልክ አነሳሁ። ከእኔ በፊት ቢኒ አንዲት ልጅ ለእናቱ አስተዋውቆ ነበር አለችኝ፣ ቆየ። እትዬ ሙሉዬ ልጅቷን ሶፋ ላይ አስቀመጧት፣ ስለ ትዕግስት መከሯት፣ ብርቱካን በፌስታል ሰጧት። እግርሽ ይባረክ ብለው ሸኟት። ሁለተኛ ስሟን አንስተው አያውቁም። ቢኒ ብርቱካኑን ሲያይ የጠቆረው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ልጣጩን እንኳን ለመጣል ሳስቼ ነበር።

ሮጥኩ። እትዬ ሰዓደት ነጠላሽን አስተካክይ እያሉኝ ሮጥኩ። ምን አለሽ ተራ ገብቼ በቆርቆሮው ጩኸት መሀል ቢኒን አገኘሁት፣ ይቅርታ አልኩት። ይሄኛውን አጥፍቻለሁ፣ ስለዚህ ልክ ነው። መዶሻውን አስቀምጦ ምድጃ አልያዝሽም አለኝ።

ከዛ ወደ እናቱ ሄድኩ። ጀሪካኖቻቸው መሀል ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ፣ ሮጠሽ መጣሽ ደግሞ፣ ከስተሻል፣ ስልክ የማታነሺ ከሆነ ለምን ትይዣለሽ አሉኝ። እያንዳንዷን ስድብ እንደ ከረሜላ ነው የዋጥኳት። ድፍረት ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ቀና ብዬ ዓይናቸውን አይቼ ጠየቅኳቸው። ያን ቀን ነጠላዬን አይተው ለምን ዝም አሉኝ አልኳቸው።

ጣሳውን አስቀመጡ።

«ያኔ ምንሽ ነኝ?» አሉኝ። «ለእንግዳ ምክር እሰጣለሁ። ምክር ቀላል ነው፣ ይዞት ይሄዳል፣ ቢጥለውም እኔ ደጃፍ ላይ አይጥለውም። የምገሥጸው ሰው ግን ነገም ከነገ ወዲያም ዓይኔ ላይ ነው። ካልተቃና የእኔም ጥፋት ነው። አሁን ሰውን ሁሉ ልገሥጽ ብል ዕድሜዬ ይበቃል?»

ሶሊ ከኋላዬ ስልኳ ላይ ትጽፍ ነበር፣ የመምህሩን መልስ አገኘሁት እያለች። እትዬ ሙሉዬ፣ ሰሃንሽን ሳታጥቢ ነው የወጣሽው አሏት።

ጋሼ አንድ ነገር ይንገሩኝ። እትዬ ሙሉዬ ከጥምቀት በኋላ ሩቅ መንገድ አለብኝ እያሉ ነው፣ ኢስሀቅንም መኪናህ ስንት ሰው ይይዛል ሲሉት ሰምቻለሁ። ቢኒን ስጠይቀው ያፏጫል። እርስዎ ጋ የሚመጣ ሰው አለ እንዴ?

እስከዳር


ጥር 22 ቀን 2016
አሰላ

ለእስከዳር፣

ለጥያቄሽ ቆይቼ የመለስኩት ሆን ብዬ ነው። ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን ለልጅቱ አይነገርም። አሁን መጥተው ሄደዋል፣ ስለዚህ ልንገርሽ።

ሦስት ሽማግሎች ነበሩ። አፈ ጉባኤያቸው አሸብር የሚባል የምን አለሽ ተራ ሰው ነው፣ ሱፍ ለብሶ መጥቷል፣ ግን እጁ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ፣ ወደድኩት። እኔ የለመድኩትን ቡናማ ኮቴን ለብሼ ተቀመጥኩ። ሜሪ አጠገቤ ሆና የሚሉትን በልጆቿ ደብተር ጀርባ ትጽፍልኛለች። አሸብር ተነሣና ረጅም ንግግር አደረገ። ሜሪ ጽፋ ሰጠችኝ፤ ልጅዎ ጨዋ ናት፣ ታጋሽ ናት፣ ወርቅ ናት ይላል።

እነዚህ ሰዎች ዞር ዞር ብለን እንመጣለን ሊሉ ነው አልኩ በሆዴ። «የሚነቅፋት ሰው አልያዛችሁም?» ብዬ ጠየቅኩ። ድምፄን ስለማልሰማው ጮኼ ኖሯል፣ የጎረቤት ውሻ ተነሣ ብላኛለች ሜሪ።

ያኔ በሩ ተከፈተ። ሴት ከሽማግሌ ጋር አይገባም ብለው ወይዘሮ ሙሉዬን ኢስሀቅ መኪና ውስጥ ትተዋቸው ነበር። ጩኸቴን ሰምተው ወርደዋል። በሩ ላይ ቆመው ይናገሩ ጀመር። ሜሪ እየጻፈች እጇ አልደርስ አላት። እኔ እስክሪብቶዋን ያዝኩባት። ማንበብ አላስፈለገኝም፣ የሴትዮዋን እጅ እያየሁ ነበር። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ይፋተጋል። ባዶ አየር ላይ ጨርቅ ይዳብሳሉ። እኔ ስፌት መኪና ላይ ቁጭ ብዬ ዕድሜዬን የጨረስኩት ያንን እጅ ሳይ ነው። ያ እጅ ያለ ዕቃ ከሱቅ ወጥቶ አያውቅም።

ተነሥቼ፣ ወይዘሮ፣ ልጄን በጩኸት እንዳያደነቁሩብኝ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ደንቆሮ ይበቃል አልኳቸው። ሳቁ። እሱን መስማት አያስፈልግም፣ ይታያል።

በወጉ እናስብበት፣ ተመልሳችሁ ኑ አልኩ። ሽማግሎቹም በወጉ ለመነሣት ተዘጋጁ። ወይዘሮዋ ግን መንገዱ ሩቅ ነው፣ እኔ ሁለተኛ የምመጣው ለሠርግ ጠሪ ሆኜ ነው ብለው ሶፋውን ትተው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ምን ላድርግ። ወጉን አሳጠርኩት። ሰጥቻለሁ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው።

እስኩዬ፣ ክንድሽ እውነትም የክብሪት እንጨት ነው። ብይ።

ኃይለመለኮት


የካቲት 1 ቀን 2016
ሸማ ተራ

ጋሼ፣

ደብዳቤው የዘገየው የኢስሀቅ መኪና ጎማ ስለፈነዳ ነው፣ እኔ አላጠፋሁም።

የላኩልኝን እትዬ ሰዓደት ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ በርጩማው ጋ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ፣ እሳቸው ተቀብለው ጨረሱልኝ። ካልሲ የሚሸጠው ሰውዬ እንኳን ገብቶ ሰማ። እልል አሉ ጋሼ፣ ተራው በሙሉ፣ ደንበኞቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው እልል አሉ።

ትናንት አንድ ሰውዬ ጋቢ ገልጦ አቆሸሸና ቆሻሻ ነው የምትሸጡት አለኝ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ግን «ንጹሕ ነበር ጋሼ፣ እጅዎ ላይ ቅባት አለ» አልኩት። እጁን አየ። ሳቀና ወሰደው። ሮጬ ሄጄ ለእትዬ ሙሉዬ ነገርኳቸው፣ ጎሽ ይሉኛል ብዬ። ታዲያ ለምን ጉልበትሽ ተንቀጠቀጠ አሉኝ። በደስታ ሞትኩ።

ሶሊ የቤት ሥራውን ሰጥታ ተመለሰላት። መምህሩ ገጹን በሙሉ በቀይ አርሞታል፣ አለቀሰች። እናቷ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ ቀይ የበዛው ሰውየው ከልቡ አንብቦልሽ ነው፣ ዝም ብሎ ጎበዝ ቢልሽ ነበር ማልቀስ አሉ። ዛሬ ሰሃኑን ሳይነገራት አጠበች።

ቢኒ ለሠርጋችን አንድ ምድጃ እየሠራ ነው፣ አንድ እግሩን ሆን ብሎ አሳጥሮታል። እንዲወዛወዝ ነው አለኝ።

እትዬ ሙሉዬ አጠገቤ ተቀምጠዋል፣ ጽሕፈትሽ የዶሮ ጭረት ነው እያሉኝ ነው። ወረቀቱ ጥግ ላይ ሰላምታ እንዲጽፉልዎት ብዬ እስክሪብቶውን ሰጥቻቸዋለሁ።

ልጅዎ እስከዳር


ይድረስ ለአቶ ኃይለመለኮት፣

ሙሉዬ ነኝ። ልጅቷ ሰላምታ ጻፉላቸው አለችኝ። ሰላምታማ ለእንግዳ ነው።

ያ ቡናማ ኮትዎ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ልብስ ሰፊ ሆነው አያፍሩም? ሠርጉ ላይ በእሱ ቢመጡብኝ በር ላይ ነው የማስወልቅዎት። ጆሮዎን ሐኪም ይየው ሲባሉ ዝም ብለው ተቀምጠዋል አሉ፣ ሜሪ ሁሉንም ነግራኛለች። ያልሰሙት ጆሮዎ ደክሞ ብቻ አይደለም፣ መስማት ስለማይፈልጉም ነው። ከሠርጉ በፊት አዲስ አበባ ይምጡ፣ እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ። ካልመጡ መንገዱን አውቀዋለሁ። ደግሞ ይቺን ልጅ ነጠላ አለባበስ ሳያስተምሩ ያሳደጓት እርስዎ ነዎት፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር?

አሁን ይሄን አንብበው እንደተማረ ሰው ዝም እንዳይሉኝ። ይጻፉልኝ። እርስዎም ሲቆጡ ያውቁበታል ሲባል ሰምቻለሁ።

ሙሉዬ